ዘፈኑ የማን ነው? የጓደኝነትና የዝና ልቦለዶች አንባቢን ለምን ይከፍላሉ

ስለ ጓደኛሞችና ስለ ሙዚቃ ዝና የተጻፈ ልቦለድ ያነበቡ ሁለት ሰዎችን ብታገናኙ አብዛኛውን ጊዜ አይስማሙም። አንዷ «ተራኪዋ ቅናተኛ ናት፤ ጓደኛዋ ሲያልፍላት ማየት ያቃጥላታል፤ መጽሐፉን ልወረውረው ነበር» ትላለች። ሌላዋ ያንኑ ገጽ አንብባ «እኔን ነው የጻፈችኝ» ትላለች። ሁለቱም በደንብ አንብበዋል። ሁለቱም የሚሉት ነገር ገጹ ላይ አለ።

«የምርጫ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ክርክሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ሲያርፍ ነው የማየው። ዘፈኑ የማን ነው? ስሙ ፖስተር ላይ የተጻፈው ሰው? ዜማውን ያወጣው? ወይስ ሌሊት ቁጭ ብሎ እያዳመጠ «ይሄ ቦታ አልተመቸኝም፣ ቀይረው» ሲል የነበረው ጓደኛ? አንባቢ ለዚህ ጥያቄ በልቡ የሰጠው መልስ ከባለታሪኮቹ ማንን እንደሚወድ፣ ማን ላይ ጥርስ እንደሚነክስ ይወስናል። ብዙ ጊዜ ይህን ራሱም አያስተውለውም።

መጀመሪያ ግን ታሪኩን ማን እንደሚነግረን እንይ። በእነዚህ ልቦለዶች ተራኪው ብዙ ጊዜ ዝነኛው ራሱ አይደለም። ዝና ሳያገኝ የቀረው ጓደኛ ነው። ቶማስ ማን በ1947 ባሳተመው «ዶክተር ፋውስቱስ» የአንድ የሙዚቃ ደራሲን ሕይወት የሚነግረን የልጅነት ጓደኛው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦስትሪያዊው ቶማስ በርንሃርድ ደግሞ በ1983 በእንግሊዝኛ «ዘ ሉዘር» ተብሎ የተተረጎመውን ልቦለድ አወጣ። ሦስት ወጣቶች ዛልስቡርግ ውስጥ ፒያኖ ይማራሉ። ከሦስቱ አንዱ ግሌን ጉልድ ነው። እውነተኛው ካናዳዊ ፒያኒስት በልቦለድ መልክ ገብቷል ማለት ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ የሙዚቃ ደራሲውን የባኽን ድርሰት ሲጫወት ይሰሙታል። በዚያው ቅጽበት የነሱ ነገር ያበቃል። አንዱ ከዓመታት በኋላ ራሱን ያጠፋል። ሌላው፣ የሚተርክልን ማለት ነው፣ ውዱን ስታይንዌይ ፒያኖውን ለአንድ የገጠር አስተማሪ ሴት ልጅ ሰጥቶ ይገላገላል። ልጅቷ ፒያኖውን ታበላሸዋለች። እሱ ያንን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የሰጣት።

ደራሲዎች ይህን ሰው ለምን ይመርጡታል? አንደኛ ነገር፣ ዝነኛው ዝነኛ ሳይሆን በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስም ከወጣ በኋላ ዙሪያውን የሚከቡት ሰዎች ሁሉ ከስሙ የሚጠቀሙ ናቸው። ሥራ አስኪያጁም፣ ጠበቃውም፣ የልብስ አማካሪውም እውነቱን የመናገር ነፃነት የላቸውም። የድሮው ጓደኛ አለው። ግን የድሮው ጓደኛ ቁስልም አለው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ትናንት አብሮት የበላውን ሰው ዛሬ ዓለም ሲያጨበጭብለት ማየት፣ እሱ ግን ያንን ሰው እንደ ድሮው ብቻ ማየቱን አለመተው፣ ከባድ ነገር ነው።

ስለዚህ «ተራኪው ቅናተኛ ነው» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። እንደ ጉድለት መቆጠሩ ነው የማይዋጥልኝ። ምንም ቅናት የሌለበት ጓደኛ የሚተርከው የዝና ታሪክ የአድናቂዎች ማኅበር መግለጫ ይሆናል። እኛን አስጠግቶ የሚያሳየን ቅናቱ ነው። ጓደኛው መድረክ ላይ ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ፣ የትኛውን ቀልድ ከማን እንደወሰደ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የትኛውን ሰው ስም ሳይጠራ እንዳለፈ ልብ የሚለው የቀና ሰው ነው። ያዘነና የቀና ሰው ዝርዝር አያመልጠውም።

ዜዲ ስሚዝ በ2016 ያወጣችው «ስዊንግ ታይም» እዚህ ላይ በደንብ ሊታይ የሚገባው ነው። ስሟን የማትነግረን ተራኪ ከትሬሲ ጋር ለንደን ውስጥ በልጅነታቸው በዳንስ ትምህርት ይገናኛሉ። ተሰጥኦው ያለው ትሬሲ ጋር ነው። ተራኪዋ አድጋ ኤሚ ለተባለች ዓለም ላወቃት ዘፋኝ ረዳት ትሆናለች። አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ «ተራኪዋ ፈዛዛ ናት፤ የራሷ ሕይወት የላትም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የላትም። ሥራዋ እኮ የራስ ሕይወት አለመኖር ነው። የዝነኛ ረዳት ማለት የሌላ ሰው ቀጠሮ፣ የሌላ ሰው ልጆች፣ የሌላ ሰው ስሜት ነው። ዓመታት በዚህ ያልቃሉ። ጽሑፉ ይህን ባያሳየን ነበር ደራሲዋን የምወቅሳት።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስሚዝ ተሰጥኦንና ዝናን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ላይ አስቀምጣቸዋለች። ትሬሲ ትችላለች፣ አልወጣችም። ኤሚ ወጥታለች፣ ችሎታዋ ከትሬሲ ስለመብለጡ ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። ተራኪዋ በሁለቱ መሀል ናት። ብዙ አንባቢ «ስለ ጓደኝነት ነው ተብዬ ጀመርኩት፣ ግማሹ ስለ ዘፋኟ ሆነብኝ» ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ። እንደ እኔ ግን የኤሚ ምዕራፎች የትሬሲ ምዕራፎች ሌላ ገጽታ ናቸው። አንዷን ያላየ የሌላዋን ዕጣ አይረዳም። የተራኪዋ የልጅነት ጓደኛ ምን እንዳጣች የሚገባን ሌላዋ ምን እንዳገኘች ስናይ ነው።

አሁን ወደ ሰሞነኛው ማዕበል እንምጣ። ቴይለር ጄንኪንስ ሪድ በ2019 «ዴዚ ጆንስ ኤንድ ዘ ሲክስ»ን አወጣች። የ1970ዎቹ የሮክ ባንድ ታሪክ ነው፣ በሙሉ በቃለ መጠይቅ መልክ የተጻፈ። የባንዱ አባላት ከብዙ ዓመት በኋላ በየተራ ይናገራሉ። ትረካ የለም፣ የቦታ ገለጻ የለም፣ ስም፣ ከዚያ ንግግር ብቻ። በ2023 ተከታታይ ፊልም ሆነ። በ2021 ደግሞ ዶኒ ዋልተን በተመሳሳይ መልክ የሁለት ሙዚቀኞችን፣ የኦፓልንና የኔቭን፣ ልቦለድ ጻፈች። ኦፓል ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ኔቭ ነጭ እንግሊዛዊ። አንድ ኮንሰርት ላይ በተነሳ ግርግር ከበሮ መቺው ይገደላል። ታሪኩን የምትሰበስበው ጋዜጠኛ የሟቹ ልጅ ናት።

ይህ አጻጻፍ አንባቢን ለሁለት ከፍሏል። የወደዱት «በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት፤ ዶክመንተሪ የማይ ነበር የመሰለኝ» ይላሉ። አንዳንዶቹ ባንዱ በእውነት የነበረ መስሏቸው ስሙን ፈልገዋል። ያልወደዱት «ይሄ የፊልም ጽሑፍ እንጂ ልቦለድ አይደለም፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚያወራው» ይላሉ። ሁለተኛው ወቀሳ ሚዛን ይደፋል። «ዴዚ ጆንስ» ውስጥ ስሙን ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ ብታነቡ የማን እንደሆነ ለመለየት የምትቸገሩበት ቦታ አለ። ዋልተን በዚህ ረገድ ትሻላለች። የኦፓል አንደበት ከማንም ጋር አይምታታም።

ሆኖም የቃለ መጠይቁ መልክ ለጓደኝነት ታሪክ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀን ያልፋል ትዝብት ይቀራል እንደሚባለው፣ እነዚህ ሰዎች ከስንት ዘመን በኋላ ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ትዝብታቸውን ነው። «ዴዚ ጆንስ» ውስጥ ኤዲ የተባለውን ጊታሪስት ተመልከቱ። ዓለም የሚያወራው ስለ ዘፋኟ ዴዚና ስለ ባንዱ መሪ ስለ ቢሊ ፍቅር ነው። ኤዲ ግን እስከ መጨረሻው የሚያነሳው ቢሊ የሱን የጊታር አጨዋወት እየገባ መወሰኑን ነው። ብዙ አንባቢ «ኤዲ ያሰለቻል፣ ሁሌ ያለቃቅሳል» ይላል። እኔ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ሌሎቹ ስለ ልባቸው ሲያወሩ እሱ ስለ ሥራው ነው የሚያወራው። ማንም አይሰማውም፣ አንባቢውም ጭምር። የዴዚ ጓደኛ ሲሞንም እንዲሁ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ነው የቀረችው። ራሷ የዲስኮ ዘፋኝ ብትሆንም እዚያ የምትታየው ዴዚን ስታጽናና ነው። «የሲሞን ታሪክ የት ሄደ?» የሚለው የአንባቢ ጥያቄ ተገቢ ነበር። ተከታታይ ፊልሙም የራሷን ታሪክ ሰጥቷታል።

ከአንባቢ ቅሬታዎች ሁሉ ግን አጥብቄ የምቃወመው አንድ አለ። «ስለ ውልና ስለ ፐርሰንት የሚያወራው ክፍል ደረቅ ነው፤ ዘለልኩት» የሚለውን። እዚህ ላይ የሙዚቃ ገንዘብ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ ነው፣ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቅጂው ነው፣ ማስተር የሚባለው። የሁለቱ ገንዘብ በተለያየ መንገድ ነው የሚመጣው። የቅጂው ገንዘብ መጀመሪያ የሚገባው አሳታሚው ጋር ነው፣ ቅጂውን የሚያወጣው የሙዚቃ ኩባንያ ማለት ነው። አሳታሚው ለባንዱ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል። ይሄ ስጦታ አይደለም። ከባንዱ ድርሻ እየተቆረጠ ይመለሳል። የስቱዲዮ ወጪው፣ ብዙ ጊዜም የክሊፑ ወጪ በከፊል እዚያው ላይ ይደመራል። እዳው እስኪያልቅ ባንዱ ከሽያጭ ምንም አያይም። ዘፈናቸው በየሬዲዮው እየተሰማ ኪሳቸው ባዶ የሚሆንበት ዘመን አለ።

የድርሰቱ ገንዘብ ግን ለዚህ እዳ አይጠብቅም። ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ በተሰማ ቁጥር፣ ሌላ ሰው በዘፈነው ቁጥር፣ «ግጥምና ዜማ» በሚለው ስር ስሙ የተጻፈው ሰው ይከፈለዋል። እና ምን ይሆናል? አምስት ጓደኛሞች በአንድ አውቶቡስ ይዞራሉ። አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፣ አንድ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ቤት ገዝቷል። ሌሎቹ የቤት ኪራይ ይቸግራቸዋል። ማንም ማንንም አላታለለም። አንድ ቀን ማታ፣ ገና ልጆች እያሉ፣ ወረቀት ላይ የማን ስም ይጻፍ ሲባል «አንተ ጻፍበት፣ ምን ችግር አለው» ተባብለው ነበር።

ይህ ገጽ ነው ደረቅ የተባለው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የጓደኝነት ገጽ የለም። ማታ ማታ የሚደረገው የልብ ጨዋታ ጓደኞቹ እርስ በርስ ምን እንደሚሉ ያሳያል። ወረቀቱ ግን አንዱ ሌላውን በስንት እንደሚመዝነው ያሳያል።

የእውነቱ ዓለም ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ጥያቄ ሲመልሱ ኖረዋል። ስፓንዳው ባሌ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አባላት ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚተዋወቁ ነበሩ። ዘፈኖቹ የተመዘገቡት በጊታሪስቱ በጋሪ ኬምፕ ስም ነው። ሦስቱ ጓደኞቹ ከሰሱት። የድርሰቱን ገንዘብ ለመካፈል በቃል ተስማምተን ነበር፣ ዘፈኖቹም ላይ ሁላችንም አስተዋጽኦ አለን አሉ። ከክርክሩ አንዱ ስለ አንድ የሳክስፎን ሶሎ ነበር። የተጫወተው ሰው ነው የፈጠረው፤ ታዲያ ደራሲ አይባልም? ዳኛው አይባልም አሉ። በ1999 ሦስቱም ተሸነፉ። በ2009 ግን ተመልሰው አብረው መድረክ ላይ ወጡ።

በዚያው በ2009 የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሌላ ውሳኔ ሰጠ። በ1967 ፕሮኮል ሃረም በተባለ ባንድ የተሠራ፣ ዓለምን ያዳረሰ አንድ ዘፈን ነበር። የሚጀምረው በኦርጋን ዜማ ነው። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ያ የኦርጋን ድምፅ ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ደራሲ ተብሎ አልተመዘገበም ነበር። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደ። አሸነፈ። ከሙዚቃው ድርሰት 40 ከመቶ ድርሻ አገኘ። ከዚያ የይግባኝ ፍርድ ቤት ድርሻውን ነሳው፣ ቀጥሎ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት መለሰለት።

አንዱ ሳክስፎን፣ ሌላው ኦርጋን። አንዱ ተሸነፈ፣ ሌላው አሸነፈ። ጉዳዮቹ በሕግ ዓይን ይለያያሉ፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን ዕድሜያቸውን በሕግ የጨረሱ ዳኞች እርስ በርስ ያልተስማሙበትን ነገር ልቦለድ አንባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ቅናተኛ ነው» ብሎ ሲዘጋው ቅር ይለኛል። ኤዲ ቅናተኛ ሊሆን ይችላል። የተበደለም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በ2025 የወጣው የሆሊ ብሪክሊ «ዲፕ ከትስ» ይህን ጥያቄ መሀል ላይ አምጥቶ ያስቀመጠ ልቦለድ ነው። ፐርሲ ዘፋኝ አይደለችም። ያላት ጆሮ ነው። ጓደኛዋ ጆ የሚጽፋቸውን ዘፈኖች ሰምታ የጎደለውን ትነግረዋለች። ብዙ ጊዜም ልክ ናት። ከዚያ ጆ ዝነኛ ይሆናል። የጆሮ ዋጋ ስንት ነው? ይህን መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ፐርሲ ላይ የሚሰነዝሩት ቃል «ትዕቢተኛ» የሚል ነው። «ራሷ መዝፈን ሳትችል ሰው ታርማለች።» የሌላ ሰው ሥራ አርሞ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም። አራሚ፣ አርታዒ፣ ረቂቁን መጀመሪያ የሚያነብ ጓደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ስማቸው የትም አይጻፍም። መጽሐፉን እነሱ ሲያነቡትና ሌላው ሲያነበው አንድ መጽሐፍ አይሆንም። የፐርሲን ንዴት አንዱ ትዕቢት ይለዋል፣ ሌላው ደመወዝ ያልተከፈለው ሥራ ይለዋል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ ምንም እንኳ አንዳንድ ቦታ ላይ እኔንም ብታናድደኝ።

«ሙዚቃው አይሰማም» የሚለው ቅሬታም አለ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ወረቀት ድምፅ የለውም። የታተመ ግጥም ያለ ዜማው ሲነበብ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። «ዴዚ ጆንስ» መጨረሻ ላይ የዘፈኖቹ ግጥም ተያይዟል፣ እኔን አልያዘኝም። የሚሻለው ዘፈኑን በሰሚው ፊት ላይ ማሳየት ነው። በርንሃርድ የጉልድን አጨዋወት አይገልጽልንም። የሰሙትን ሰዎች ምን እንዳደረጋቸው ብቻ ነው የሚነግረን፣ ያም ይበቃል።

የመጨረሻው ጭቅጭቅ ስለ ፍጻሜው ነው። አንባቢ እርቅ ይፈልጋል። ሁለቱ ጓደኞች ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው ካልተቃቀፉ «ጎደለኝ» ይላል። ደራሲው ካስታረቃቸው ደግሞ ሌላው አንባቢ «ይሄ ውሸት ነው» ይላል። በዚህ እኔም ሁለት ልብ ነኝ። ስፓንዳው ባሌ ፍርድ ቤት ተካሰው ከአሥር ዓመት በኋላ አብረው ዘፍነዋል። ስለዚህ እርቅ በራሱ ውሸት አይደለም። የሚያስቀይመኝ ገንዘቡ ሳይነሳ የሚደረግ እርቅ ነው። በአሥር ገጽ የተገነባ ቂም በአንድ እንባ ከታጠበ ደራሲው ራሱም ያንን የውል ገጽ ዘሎታል ማለት ነው።

እስካሁን በአግባቡ ተጽፎ ያላገኘሁት ታሪክ ግን አለ። እኩል የተካፈሉት ሰዎች ታሪክ። አር ኢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1980 ተመሠረተ። አራቱም ዘፈኖቹን በአራቱም ስም ነበር የሚያስመዘግቡት፣ ማን ምን አወጣ ሳይሉ። ከበሮ መቺው በ1997 መውጣት ፈለገ፤ እኔ ስወጣ ባንዱ የሚፈርስ ከሆነ ግን እቀራለሁ አላቸው። እነሱም ቀጠሉ። በ2011 በስምምነት ተለያዩ። «ጸብ የሌለበት ታሪክ ምኑ ይነበባል?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ብዙ ይነበባል። አንድ ባንድ ውስጥ ዘወትር ጥሩውን ሐሳብ የሚያመጣው አንድ ሰው ቢሆን፣ አሥረኛው ዓመት ላይ ሩቡን ብቻ ሲቀበል ምን ይሰማዋል? ያነሰ የሠራውስ እኩል ሲከፈለው ጓደኛውን በምን ዓይን ያየዋል? ውለታውን እንዴት ይሸከመዋል? እዚህ ውስጥም ቅናት አለ፣ ኩራት አለ፣ ዝም ብሎ የተዋጠ ነገር አለ። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ከመጣ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ። የውሉን ገጽ እንዳይዘለው ብቻ።